ናፖሊ፣ ቪያ ዴይ ትሪቡናሊ፦ በፍልሰታ ጾም ከእናቴ ጋር ስንሄድ ምን እንብላ፣ በስንት ሰዓትስ?

መንገደኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ 7 እና 8 (በፈረንጆቹ ኦገስት 13 እና 14) ከሮም ወደ ናፖሊ እንወርዳለን። ዋናው ሐሳባችን ቪያ ዴይ ትሪቡናሊ ላይ እየተዘዋወሩ መብላት ነው። እኔ፣ እናቴና ሁለት ልጆቼ (9 እና 12 ዓመት) ነን። አሳማ ማናችንም አንበላም። እናቴ ደግሞ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዓሣ የለም፣ የሚፈቱትም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። ጉልበታቸውንም ያማቸዋል።

በዚያ መንገድ ላይ ለእናቴ የሚሆን ምን አለ? የአሳማ ነገር ሳይታወቅ የሚገባበት ምግብስ የትኛው ነው? የታወቁት ፒዜሪያዎች ጋ መሰለፉስ ያዋጣል? መንገዱን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የእቶን ዳር፦

እህቴ፣ ከምግቡ በፊት የሰዓቱን ነገር እንጨርስ፤ ከሁሉም የሚያስቸግርሽ እሱ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዓት በጣሊያን አቆጣጠር ነው። እናትሽ የሚፈቱበት 9 ሰዓት እዚያ 15፡00 ነው። ትራቶሪያዎቹ (ተራ ምግብ ቤቶቹ) ምሳ የሚሰጡት ከ12፡30 እስከ 15፡00 ግድም ነው፤ ከዚያ ወጥ ቤቱ ይዘጋና 19፡00 ወይም 19፡30 ላይ እንደገና ይከፈታል። 14፡45 ላይ ገብታችሁ ወንበር ብታገኙ እንኳ ትእዛዝ አይቀበሏችሁም። ስለዚህ የ15፡00ውን ምግብ ትራቶሪያ ላይ አትጣይው። ትሪቡናሊ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ሳይዘጉ የሚሠሩ ፒዜሪያዎች አሉ፣ በተለይ በመስኮት ወደ መንገድ የሚሸጡት። እንዲያውም ከ15፡00 እስከ 18፡00 ሰልፉ የሚቀልበት ጊዜ ስለሆነ የእናትሽ ሰዓት ለሁላችሁም ይጠቅማል። ልጆቹን ቀደም ብለሽ ቀላል ነገር አቅምሻቸው፣ ዋናውን ምግብ 15፡15 ላይ አብራችሁ ብሉ።

ሁለተኛው የቀኑ ጉዳይ ነው። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ይባላል፣ የአገር በዓል ነው። በዚያ ሰሞን የቤተሰብ ሱቆች ለእረፍት ይዘጋሉ፣ በራቸው ላይ «ኪዩዞ ፔር ፌሪዬ» የሚል ወረቀት ይለጥፋሉ። 13 እና 14 መሆኑ ጥሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ቢገፋ ግን ወደ 15 አታሳልፊው። ካርታ ላይ «ክፍት» የሚለውን ብቻ አትመኚ፣ ጠዋት ደውለሽ አረጋግጪ። ከሁለቱ ቀን አንዱ እሑድ ከዋለ ደግሞ ከቆዩት ቤቶች አንዳንዶቹ እሑድ እንደሚዘጉ አስቢ።

ለእናትሽ የሚሆነው ፒዛ ማሪናራ ነው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው ያለበት፤ ስሙ የባሕር ቢመስልም ዓሣ የለውም። የናፖሊ ፒዛ ሊጥም ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይገባበትም። ለማንኛውም ስታዢ «ሴንትሳ ፎርማጆ፣ ሴንትሳ አሊቺ» በያቸው፣ ያለ አይብና ያለ አንቾቪ ማለት ነው፤ አንቾቪ የሚጨምሩበት ቤት አለና። ማሪናራ ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ ስለሆነ ድሃ ምግብ ይመስላል፣ ግን የአንድን ቤት ሊጥና ቲማቲም ለመለየት ከሱ የተሻለ የለም። አይብ የሚሸፍንለት ጉድለት ስለሌለ ሊጡ በደንብ ካላረፈ ወዲያው ይታወቃል፤ ጠርዙ እንደ ጥጥ መለስለሱ ቀርቶ ይጎተታል።

ልጆቹ ማርጌሪታ (ቲማቲምና የሞዛሬላ አይብ ያለበት ፒዛ) ይዘዙ። በፊዮር ዲ ላቴ (የላም ሞዛሬላ) የሚሠራው ከቡፋላ ይልቅ ይሻላቸዋል። የጎሽ ወተት ሞዛሬላ ብዙ ውኃ ስለሚያወጣ የፒዛው መካከል ኩሬ ይሠራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

መካከሉ እርጥብና ልስልስ ሆኖ ሲመጣ አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት። ምድጃው ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፣ ፒዛው ውስጥ የሚቆየው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት ጠርዙ ተነፍቶ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል እንጂ መካከሉ የሚደርቅበት ጊዜ የለውም። ተቆርጦ አይመጣም፤ በቢላና በሹካ ትበያለሽ። በካርቶን ይዛችሁ ሆቴል ከሄዳችሁ ግን የራሱ እንፋሎት መልሶ ያረጥበውና ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደ ላስቲክ ይሆናል።

ዋጋው እንደየቤቱ ሆኖ ተቀምጦ ማርጌሪታ ከ5 እስከ 8 ዩሮ ነው። በዚያ ላይ «ኮፔርቶ» የሚባል የገበታ ክፍያ በሰው ከ1 እስከ 3 ዩሮ ሊጨመር ይችላል፣ አንዳንዱም የአገልግሎት መቶኛ ያስከፍላል። ሁለቱም ምግብ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ አለባቸው፣ ከመቀመጣችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ እዩት። ከዚህ ውጭ ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ጓዳ፦

የእቶን ዳር ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ በአሳማው በኩል ልጨምር፣ ናፖሊ ላይ እንግዳ የሚሳሳተው እዚያ ነውና። ሥጋው አይደለም ችግሩ፤ ሥጋውንማ ታዪዋለሽ። የሚያመልጠው የአሳማ ስብ ነው። «ስትሩቶ» ወይም በናፖሊዎቹ አጠራር «ሱኛ» ይሉታል፣ የሚገባውም ሰው በማይጠረጥረው ቦታ ነው።

ጣፋጩ ስፎልያቴላ ሁለት ዓይነት ነው። ሪቻ የሚባለው ቅርፊቱ እንደ ወረቀት በስሱ የተነባበረው ሲሆን፣ ንብርብሮቹ የሚላቀቁት እያንዳንዱ በስትሩቶ ስለሚቀባ ነው። ፍሮላ የሚባለው ለስላሳ ሊጥ ያለው ነው፣ ብዙ ቤት እሱንም በስትሩቶ ይሠራዋል፣ በቅቤ የሚሠሩም አሉ። መሙያው ሪኮታ (ለስላሳ አይብ)፣ የተቀቀለ ሰሞሊና፣ በስኳር የበሰለ የብርቱካን ልጣጭና ቀረፋ ነው። ለልጆቹ ከመግዛትሽ በፊት «ቼ ስትሩቶ?» ብለሽ ጠይቂ። ባባ የተባለው ኬክ በቅቤና በእንቁላል ነው፣ ግን ሩም ያለበት ሽሮፕ ውስጥ ይነከራል፤ ለልጅ አይሆንም። በከረጢት የሚሸጡት ታራሊ ላይ «ሱኛ ኤ ፔፔ» ከተጻፈ በአሳማ ስብና በቁንዶ በርበሬ የተጋገሩ ናቸው፣ ላያቸው ላይ ለውዝ አለ። በወይራ ዘይት የሚሠሩትን ለይተሽ ግዢ።

ፒዛ ፍሪታ (የተጠበሰው፣ እንደ ሳምቡሳ የሚታጠፈው) መሙያው ሪኮታ፣ ፕሮቮላ የሚባል አይብና ቺኮሊ ነው። ቺኮሊ ከአሳማ ስብ ቀልጦ የቀረ ሥጋ ነው። መሙያው ዓይናችሁ እያየ ስለሚደረግ «ሴንትሳ ቺኮሊ» ብትሉ ያለሱ ይሠሩላችኋል። ፍሪታቲና ዲ ፓስታ ግን ቀድሞ የተዘጋጀ ስለሆነ የሚወጣ ነገር የለውም፤ ቤሻሜል፣ አተርና የተፈጨ ሥጋ ወይም ፕሮሹቶ (የአሳማ ጭን ሥጋ) አለው። ክሮኬ የሚባለው የድንች ጥብስ ውስጥም ሳላሜ (የአሳማ ቋሊማ) የሚያስገቡ አሉ። ራጉ ናፖሌታኖ በአሳማ ሥጋ ነው የሚሠራው፣ ወይ ከበሬ ተቀላቅሎ። በሥጋ ወጥ የተሠራ ፓስታ ካማራችሁ (ከፍልሰታ በኋላ ለምትመጡ ማለቴ ነው) ላ ጄኖቬዜ ጠይቁ። የበሬ ሥጋ በብዙ ሽንኩርት፣ ሽንኩርቱ ቀልጦ ቡናማ እስኪሆን ለሰዓታት የሚበስል ነው። እሱንም መሠረቱ ላይ ፕሮሹቶ የሚጥሉበት አሉና ሳትጠይቁ አትዘዙ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እያንዳንዱ ምግብ ቤት 14 የአለርጂ መንስኤዎችን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ግሉተን እዚያ ውስጥ አሉ፣ ስለዚህ ለጾም ዝርዝሩ በጣም ይረዳል፤ «ሊስታ አሌርጄኒ» ብለሽ ጠይቂ። አሳማ ግን ከ14ቱ አንዱ አይደለም። ዝርዝሩ ንጹሕ ቢሆንም አሳማውን በአፍ መጠየቅ ግድ ነው፦ «ቼ ማያሌ?»።

ለእናትሽ ከማሪናራ ሌላ፦ ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ ያለ ፎርማጆ፣ ስፓጌቲ አልዮ ኤ ኦልዮ (ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሚጥሚጣ መሳይ በርበሬ)። ደረቅ ፓስታ ዱቄትና ውኃ ነው፤ «አሉዎቮ» የተባለው ግን እንቁላል አለው። ሻላቴሊ የሚባለው ወፍራም ትኩስ ፓስታ ደግሞ ሊጡ ውስጥ ወተትና አይብ ይገባል፣ በሱጎው ብቻ አይታወቅም። ፓስታ ላይ «አላ ማሪናራ» የሚለውንም ተጠንቀቂ፤ ፒዛው ላይ ዓሣ ባይኖርም ፓስታው ላይ ብዙ ጊዜ የባሕር ምግብ ማለት ነው። ፓስታ ኤ ፋጆሊ (በቦሎቄ) እና ፓስታ ኤ ቼቺ (በሽምብራ) የጾም ይመስላሉ፣ ግን ለጣዕም ፓንቼታ (የአሳማ ሆድ ሥጋ) ወይም የአሳማ ቆዳ የሚጥሉ አሉ። በኦገስት ከጎን ምግቦቹ የሚሻለው በትንሹ ተከትፎ የተጠበሰ ደበርጃን በቲማቲም (አ ፉንጌቶ) እና በአቼቶና በናና የተለወሰ የተጠበሰ ዙኪኒ (አላ ስካፔቼ) ነው። ሁለቱም ቀዝቅዘው ስለሚበሉ የተዘጋ ወጥ ቤት አያስጠብቁም፤ ሮስቲቼሪያ (የበሰለ ምግብ መሸጫ) እና ሳሉሜሪያ (የአይብና የቋሊማ ሱቅ) ውስጥ ከፓኔ ካፎኔ፣ ከቅርፊተ ጠንካራው ዳቦ ጋር፣ በግራም ይሸጣሉ። ለአንድ ሰው 150 ግራም ይበቃል።

ሀዲድ፦

በአጭሩ ስለ መንገዱ። ከሮማ ቴርሚኒ ናፖሊ ቼንትራሌ በፈጣን ባቡር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው። በቀርፋፋው (ሬጆናሌ) ከሄዳችሁና ትኬቱ የወረቀት ከሆነ ከመሳፈር በፊት በማሽኑ አስመቱት፣ አለዚያ ቅጣት አለው። ሻንጣ ካለ ጣቢያው ውስጥ አስቀምጡ፤ ትሪቡናሊ ጠባብ ነው፣ በዚያ ላይ ሞተር ሳይክል በሰው መካከል ያልፋል።

ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ነው፣ ግን ለእናትሽ ሜትሮ 1 መስመርን እስከ ዳንቴ ያዢ። ከዳንቴ በፖርታልባ ቅስት ገብታችሁ፣ ፒያሳ ቤሊኒን አልፋችሁ፣ ከመንገዱ ምዕራብ ጫፍ ትጀምራላችሁ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ እስከ ካስቴል ካፑዋኖ ይሄዳል። የግሪኮቹ የጥንት ከተማ ዋና ጎዳና ስለነበረ መታጠፊያ የለውም፣ አትጠፉም። መጨረሻው ወደ ባቡር ጣቢያው ስለሚቀርብ ስትጨርሱ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ንጣፉ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ተረከዝ የሌለው፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ።

ከመሬት በታች ያለውን ማየት ከፈለጋችሁ፣ ፒያሳ ሳን ጋኤታኖ ላይ የሚጀምረው ናፖሊ ሶቴራኔያ ከ100 በላይ ደረጃና በጣም ጠባብ መተላለፊያ አለው፤ ለሚያም ጉልበት አይሆንም። እዚያው አደባባይ ላይ ሳን ሎሬንዞ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሮማውያኑ የምግብ ገበያ ፍርስራሽ አለ፤ ደረጃው ያንሳል፣ ውስጡም ቀዝቃዛ ነው። ከ13፡30 እስከ 15፡00 ያለውን ሰዓት እዚያ ብታሳልፉት እናትሽም ከፀሐይ ያርፋሉ፣ ልጆቹም የጥንቱን የሱቅ መደዳ ያያሉ።

ሊጥ ወዳድ፦

ስለ ሰልፉ ማንም አልመለሰም። ዲ ማቴዮ (ቁጥር 94፣ ቢል ክሊንተን በ1994ቱ የጂ7 ጉባኤ ጊዜ የበሉበት) እና ሶርቢሎ (ቁጥር 32) ሁለቱም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ማታ 20፡30 ላይ ከሄዳችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆም ሊመጣ ይችላል፣ እናት ይዞ ደግሞ አይሞከርም። እዚህ ሰልፍ ማለት መስመር ይዞ መቆም አይደለም። በሩ ላይ ወረቀት የያዘ ሰው አለ፤ ስምሽንና የሰው ቁጥር ታስመዘግቢያለሽ፣ ከዚያ በድምፅ ይጠራል። ብዙ እንግዳ ሳይመዘገብ ዝም ብሎ ይቆምና ከኋላ የመጡት ሲያልፉት ይናደዳል። ስም ሲጠራ ካልሰማሽ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፣ ስለዚህ አጭር ስም ስጪ፣ ከበሩም አትራቂ።

በእኔ አስተያየት ግን ለናንተ የሚሻለው በመስኮት የሚሸጠው ፒዛ አ ፖርታፎልዮ ነው። በሳህን ከሚቀርበው አነስ ያለ፣ በአራት ታጥፎ በወረቀት የሚጠቀለል፣ ከ2 እስከ 3 ዩሮ የሆነ። አበላሉ ዘዴ አለው። እንደተቀበልሽ አትንከሽው፤ ቲማቲሙ በእጥፋቱ ውስጥ ታፍኖ እሳት ሆኖ ነው የሚቆየው። ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቂ፣ የተከፈተውን ጠርዝ ወደ ላይ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች ወረቀቱ ውስጥ አድርጊና ከላይ ጀምሪ። ሹሉ የፒዛው መካከል ነው፣ ፈሳሹ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። በዚያ በኩል ከጀመርሽ ዘይቱ እስከ ክርን ይወርዳል።

የእቶን ዳር፦

ሊጥ ወዳድ፣ ለልጆቹ እስማማለሁ፣ ለእናትየው ግን አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ጾመው የዋሉ ሰው ድንጋይ ላይ ቆመው ትኩስ ፒዛ እያጠፉ መብላት አድካሚ ነው። በመስኮት የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ ማርጌሪታ ነው፤ ማሪናራ ከፈለጉ እንዲሠራ ማዘዝ ያስፈልጋል። 15፡15 ላይ ወንበር ስለሚገኝ ቁጭ ብለው ቢበሉ ይሻላል።

መንገደኛዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያልጠበቅሁትን ያህል ነው የረዳችሁኝ። የ15፡15ቱ ሐሳብ ተስማምቶናል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ልጆቹን እስከዚያ ምን ላቅምሳቸው? ቡፋላ ሞዛሬላ ገዝተን ሮም ላሉ ዘመዶች፣ ከተቻለም በአውሮፕላን ብንወስድ ይሆናል?

ጓዳ፦

ለልጆቹ ኩዎፖ ግዢላቸው፤ በወረቀት ሾጣጣ የሚሸጥ የጥብስ ድብልቅ ነው። የባሕሩና የመሬቱ ለየብቻ ነው። የመሬቱ ዜፖሊኔ (የተጠበሰ የሊጥ ኳስ)፣ ክሮኬና አትክልት አለው፤ ክሮኬውን ስለ ሳላሜው ጠይቂ። ስትገዢ ዓይንሽ መጥበሻው ላይ ይሁን። መስታወት ውስጥ በመብራት እየሞቀ የተከመረ ጥብስ ከሆነ እለፊው፤ እርጥበቱ ወደ ቅርፊቱ ወጥቶ ዘይት የጠጣ ስፖንጅ ሆኗል። ስታዢ ዘይት ውስጥ የሚጥሉበትን ቤት ፈልጊ። ዜፖሊኔው ሊጥ ብቻ ስለሆነ ለጾም የሚሆን ይመስላል፣ ግን አይብና ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ስለሚጠበስ ለእናትሽ አልመክርም።

ለእሳቸው ግራኒታ አል ሊሞኔ አለላቸው፤ ውኃ፣ ስኳርና ሎሚ ነው። ሶርቤቶ የሚባለው ግን ወተት ወይም የእንቁላል ነጭ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ።

ቡና ሲጠጡ ስርዓቱ ይህ ነው፦ ብዙ ባር ውስጥ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ከፍለሽ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጫለሽ። ቆሞ ሲጠጣ ይረክሳል፣ ተቀምጦ ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል። ውኃው ቀድሞ የሚሰጠው አፍ ለማጥራት ነው። ስኒውን ከፈላ ውኃ ውስጥ እያወጡ ስለሚቀዱበት ጠርዙ ከንፈር ያቃጥላል፤ ትንሽ ጠብቁ። ስኳር ጨምረው የሚሰጡ ባሮች ስላሉ ያለ ስኳር ከፈለጉ «አማሮ» ይበሉ።

ሀዲድ፦

ሞዛሬላውን ለሮም በባቡር መውሰድ ቀላል ነው። በሄዳችሁበት ቀን ጠዋት ሳይሆን ልትሳፈሩ ስትሉ ግዙት፣ ከራሱ ፈሳሽ አታውጡት፣ ከፀሐይ ብቻ ጠብቁት። በገዛችሁበት ቀን ለመብላት ከሆነ ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ብርድ ሲነካው እንደ ላስቲክ ይሆናል፣ ወተቱንም ያጣል። ፍሪጅ ከገባ ከመብላት በፊት ከነከረጢቱ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆዩት። በተገዛ በማግስቱም ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ማብሰያ ላይ ይዋል።

በአውሮፕላን አይሆንም ማለት ይሻላል። ፈሳሹ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ስለሆነ እጅ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊወሰድባችሁ ይችላል፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ደግሞ ብዙ አገር የወተትና የሥጋ ውጤት ማስገባት ይከለክላል ወይም ይገድባል። ለሩቅ ስጦታ ደረቅ ነገር ያዙ፦ «ፓስታ ዲ ግራኛኖ ኢጂፒ» የሚል ማኅተም (የቦታ ስም ጥበቃ ምልክት) ያለበት ፓስታ፣ ላዩ ሻካራ የሆነውን፣ ሱጎ የሚይዘው እሱ ነውና። ጣሳ ቲማቲም ከወሰዳችሁ ደግሞ «ሳን ማርዛኖ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይበቃም፤ «ዴል አግሮ ሳርኔዜ ኖቼሪኖ ዲኦፒ» የሚለው ሙሉ ስምና ቀይና ቢጫው ክብ ማኅተም መኖሩን እዩ። ጣሳው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ ጭማቂ ስላለው እጅ ሻንጣ ውስጥ ያው እንደ ፈሳሽ ሊቆጠር ይችላል።